ከመኖ ወደ ወተትና እንቁላል የሚሻገረው ዳይኦክሲን፦ አንድ የማባዣ ቁጥር ለውሳኔ ይበቃል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፤ መኖ ዳይኦክሲን በሚባሉት፣ ክሎሪን ባላቸውና በስብ ውስጥ በሚከማቹ መርዛማ ውህዶች ሲበከል ወተቱና እንቁላሉ ምን ያህል እንደሚበከል ለመገመት በሚቀርቡ ሪፖርቶች ውስጥ አንድ አሠራር ሲደጋገም ስላየሁ ይህን ጥያቄ አቀርባለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመኖው ውስጥ የተገኙት ውህዶች በየመርዛማነታቸው ተመዝነው ወደ አንድ ድምር ይጠቃለላሉ፤ ድምሩ በአንድ የመሻገር ምጣኔ (እንስሳው ከበላው ወደ ወተቱ ወይም ወደ እንቁላሉ በሚደርሰው ክፍል) ይባዛል፤ የተገኘው መጠን እንስሳው በወተቱ ወይም በእንቁላሉ በቀን ለሚያወጣው ስብ ይካፈላል፤ ውጤቱም የሞዴል ትንበያ ተብሎ ይጻፋል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን 20 ኪሎ ግራም መኖ ትበላለች እንበል። መኖው የአውሮፓ ኅብረት ለዕፅዋት መኖ በፈቀደው ጣሪያ ላይ ቢሆን፣ ማለትም 12 በመቶ እርጥበት ባለው መኖ በኪሎ 0.75 ናኖግራም (ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ቢይዝ፣ በቀን 15 ናኖግራም ወደ ሆዷ ይገባል። ከዚህ 30 በመቶው ወደ ወተት ቢሻገር 4.5 ናኖግራም ይሆናል። ላሟ 4 በመቶ ስብ ያለው 25 ኪሎ ወተት ብትሰጥ ስቡ 1 ኪሎ ስለሆነ፣ በአንድ ግራም የወተት ስብ 4.5 ፒኮግራም (1,000 ፒኮግራም 1 ናኖግራም ነው) እናገኛለን። ኅብረቱ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ለወተት ያስቀመጠው ጣሪያ፣ ፒሲቢ የሚባሉትን ተዛማጅ ባለ ክሎሪን ውህዶች ሳይጨምር፣ በግራም ስብ 2 ፒኮግራም ነው።

ስሌቱ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ቢያንስ ሕግ ያልጣሰ መኖ ሕግ የጣሰ ወተት ሊያስገኝ እንደሚችል በሁለት መስመር ያሳያል። የምሞግተው ግን ይህ ነው፦ ስሌቱ በውስጡ ጊዜ የለውም፣ ውህዶቹንም አይለይም፤ ስለዚህ አንድ እርሻ ይዘጋ ወይስ ይከፈት ለሚል ውሳኔ ብቻውን መቅረብ የለበትም። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው፣ ፍሬ ነገራቸውን በራሴ አነጋገር አስፍሬያለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ ከሐሳቤ ጋር ተስማምተው ምክንያቱን ከአንጀት ጀምረው አስረድተዋል። ዳይኦክሲን የምንለው 75 ዳይኦክሲኖችንና 135 ፉራኖችን የያዘ የውህዶች ቤተሰብ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በመርዛማነት ስሌት የሚገቡት ክሎሪን በ2፣ 3፣ 7 እና 8 ቦታዎች ላይ የያዙት 17ቱ ብቻ ናቸው፤ ዳይኦክሲን መሰል የሆኑት 12 ፒሲቢዎችም በላያቸው ይደመራሉ። ክሎሪኑ በበዛ ቁጥር ሞለኪውሉ ይገዝፋል፣ ከውኃም ይበልጥ ይሸሻል፤ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍም ይሳነዋል። አራት ክሎሪን ያለው ቲሲዲዲ የሚባለው ዳይኦክሲን ላሟ ከበላችው ሲሶ ያህሉ ወደ ወተት ሲሻገር፣ ስምንት ክሎሪን ያለው ኦሲዲዲ ግን የሚሻገረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው በእበት ይወጣል። እንግዲህ በድምር እኩል የሆኑ ሁለት መኖዎች፣ አንደኛው በቀላሎቹ ሌላኛው በከባዶቹ ውህዶች የተበከለ ከሆነ፣ የሚያስከትሉት የወተት ብክለት በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ምላሽ 2። ሁለተኛው መላሽ የመጀመሪያውን በጨዋነት አርመዋል። የክሎሪን ብዛት ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም፤ ቲሲዲኤፍ የሚባለው ፉራን እንደ ቲሲዲዲ አራት ክሎሪን ብቻ ቢኖረውም በላም ወተት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የላሟ ጉበት በፍጥነት ይሰባብረዋልና። በአንጻሩ ክሎሪኖቹ በ2፣ 3፣ 4፣ 7 እና 8 ቦታዎች ላይ የሆኑለት ባለ አምስት ክሎሪን ፉራን ጉበቱን ተቋቁሞ ወደ ወተት በብዛት ይሻገራል። ዶሮ ደግሞ ቲሲዲኤፍን እንደ ላም አትሰባብረውም፤ ስለዚህ ከላም የተገኘ ምጣኔ ለዶሮ አይውልም። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 በትራቪስና በአርምስ የታተመውን ቀመር አንሥተዋል፤ ቀመሩ አንድ ውህድ በስብና በውኃ መካከል ከሚከፋፈልበት ምጣኔ ተነሥቶ ወደ ሥጋና ወተት መሻገሩን በቀጥታ መስመር የሚተነብይ ሲሆን፣ ከስብ ጋር ያለው ዝምድና እጅግ ለበረታው ውህድ መሻገሩ እንደሚጨምር ይናገራል። የከባዶቹ ዳይኦክሲኖች ልኬት ግን መስመሩ ጫፍ ደርሶ ወደ ታች እንደሚታጠፍ ያሳያል። ይህን ቀመር ዛሬም ሳይመረምሩ የሚገለብጡ ሪፖርቶች መኖራቸው መላሹን አሳዝኗቸዋል፤ እኔንም ያሳዝነኛል።

ምላሽ 3። በቁጥጥር ሥራ ላይ እንዳሉ የገለጹት ሦስተኛው መላሽ ተቃውሟቸውን በትሕትና አቅርበዋል። ሐሳባቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ መኖው ለወራት ሳይለወጥ ከተበላ፣ በእንስሳው አካል የሚገባውና የሚወጣው ወደ ሚዛን ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ አንድ ምጣኔ ከማንኛውም ውስብስብ ስሌት ጋር እኩል መልስ ይሰጣል። ከፍተኛውን ምጣኔ መርጦ መጠቀምም ስሕተቱን ሸማቹን ወደሚጠብቅ አቅጣጫ ያጋድለዋል። ውሳኔ በሰዓታት ውስጥ በሚፈለግበት ጊዜ የ17 ውህዶችን ዝርዝር መጠበቅ አይቻልም ሲሉም አክለዋል። ይህ ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ ቀጣዮቹ ምላሾች ብዙዎቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ምላሽ 4። አራተኛው መላሽ ሚዛን የሚለውን ቃል ይዘው ያዩትን ተርከዋል። የተበከለ መኖ መብላታቸውን ያቆሙ ላሞች ከወለዱ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ መኖው ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ የወተታቸው ስብ ቀድሞ ከነበረው ከፍ ያለ መጠን አሳይቶ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ አይደለም፤ ብዙ የምትታለብ ላም ከወለደች በኋላ የምትበላው የምታወጣውን ጉልበት ስለማይተካላት የሰውነቷን ስብ ታቀልጣለች፣ በስቡ ውስጥ የተከማቸውም ዳይኦክሲን አብሮ ወደ ወተት ይወጣል። ለዚህች ላም በምጣኔ የሚሰላው መልስ ዜሮ ነው፤ የምትበላው ንጹሕ ነውና።

ምላሽ 5። አምስተኛው መላሽ ነገሩን ወደ ዶሮ ወሰዱት። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ብትበላና መኖው በዚያው 0.75 ናኖግራም ጣሪያ ላይ ቢሆን 90 ፒኮግራም ትወስዳለች። ግማሹ ወደ እንቁላል ቢሻገር፣ በአሥር ቀን ዘጠኝ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ከ6 ግራም የአስኳል ስብ ጋር በቀን 5.4 ግራም ስብ ስለምታወጣ፣ በግራም ስብ ከ8 ፒኮግራም በላይ ይሆናል፤ የእንቁላል ጣሪያ 2.5 ነው። ከዚያም በደጅ ተለቅቀው ስለሚውሉ ዶሮዎች ጻፉ። በቀን 10 ግራም አፈር የምትለቅም ዶሮ፣ አፈሩ በግራም 5 ፒኮግራም ቢኖረው፣ ከአፈሩ ብቻ 50 ፒኮግራም ታገኛለች፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው መኖ ከሚመጣው ግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ መኖውን ብቻ የሚያይ ስሌት ለእንዲህ ያሉ ዶሮዎች ከጅምሩ ጎዶሎ ነው። አፈር ላይ የተጣበቀ ውህድ ከመኖ እንደሚገኘው ሁሉ ወደ ደም እንደማይገባም አስታውሰዋል፤ ምን ያህሉ እንደሚገባ ግን እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል።

ምላሽ 6 እና 7። እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ታሪክ ዞረ። ስድስተኛው እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ በመኖ ስብ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ማለቃቸውንና መንሥኤው ስድስት ክሎሪን ያላቸው ዳይኦክሲኖች መሆናቸው የታወቀው ከዓመታት በኋላ እንደሆነ አወሱ። ሰባተኛው ደግሞ የ1999ኙን የቤልጂየም ቀውስ አነሡ፦ የፒሲቢ ዘይት ከመኖ ስብ ጋር ተቀላቅሎ 500 ቶን ያህል መኖ ተበከለ፤ 50 ኪሎ ገደማ ፒሲቢ 1 ግራም ያህል ዳይኦክሲን ይዞ ገባ፤ መኖው የተመረተው በጥር ሲሆን ሕዝቡ የሰማው በግንቦት ወር መጨረሻ ነው። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም የሰባተኛው መላሽ ፍሬ ነገር ከርዕሱ ጋር ይገጥማል፤ የውህዶቹ ስብጥር የብክለቱን ምንጭ ይነግራልና። የፒሲቢ ዘይት ፉራኖችን ይዞ ይመጣል፤ በ1997 በአሜሪካ በዶሮና በዓሣ መኖ ውስጥ የተገኘው ሸክላ አፈር ግን ዳይኦክሲን እንጂ ፉራን እምብዛም አልነበረውም። ድምሩን ብቻ የሚያስቀር ሰው ምንጩን የሚያገኝበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ይጥላል።

ምላሽ 8። የውይይቱ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው መላሽ በቁጣ ተሞልተው፣ የአካል ክፍሎችን ሁሉ አንድ በአንድ የሚዘረዝሩት ትልልቅ ሞዴሎች የደም ፍሰት፣ የጉበት፣ የጡንቻና የስብ ቁጥሮችን በደርዘን እየደረደሩ በጣት በሚቆጠሩ ላሞች ልኬት ላይ እንደሚቆሙ፣ አብዛኞቹ ቁጥሮችም ከሌላ እንስሳ ወይም ከሌላ ውህድ የተበደሩ መሆናቸውን ጻፉ። እንዲህ ያለውን ነገር ከአንድ ምጣኔ በላይ አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማታለል ነው እስከማለት ደርሰዋል።

ምላሽ 9 እና 10። ዘጠነኛው ከዚያ የባሰ በሻከረ ቋንቋ መልሰው፣ ስምንተኛው አንድም ሞዴል ከፍተው ያላዩ ናቸው በማለት ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን ያልነካ ጽሑፍ ጻፉ። አሥረኛው ሁለቱም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰቡ። በእኔ አስተያየት ስምንተኛው በአገላለጻቸው ቢያጠፉም በፍሬ ነገሩ ትክክል ናቸው፤ ያልተለካ ቁጥር ማብዛት ዕውቀትን አያበዛም። የዘነጉት ግን በአንድ ምጣኔና በሃያ ቁጥሮች መካከል ሰፊ ቦታ እንዳለ ነው።

ምላሽ 11። ያንን ቦታ አሥራ አንደኛው መላሽ ሞልተውታል፤ ከውይይቱ ሁሉ አስተማሪው ይህ ምላሽ ይመስለኛል። እንስሳውን በሁለት ክፍል ብቻ እናስበው አሉ፦ አንዱ ደምና ደም በብዛት የሚደርስባቸው አካላት፣ ሌላው የሰውነት ስብ። ከመኖው የተወሰነው ክፍል ብቻ በአንጀት አልፎ ወደ መጀመሪያው ይገባል፤ ከመጀመሪያው በወተት ስብ ይወጣል፣ በጉበት ይሰባበራል፣ ወደ ስብም ዘልቆ ይመለሳል። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች አራት ወይም አምስት ናቸው፣ እነርሱም ለየውህዱ ከተደረጉ የማብላት ሙከራዎች ሊገመቱ ይችላሉ። የላሟ የሰውነት ስብ በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ሲሆን በወተት የሚወጣው ግን በቀን 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ በመሆኑም ስቡ እንደ ጎተራ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይጎድላል። ከዚህ የተነሣ የወተቱ መጠን ሲወርድ ሁለት ደረጃ ያሳያል፤ በመጀመሪያ በጥቂት ቀናት የሚጋመስ ፈጣን አወራረድ፣ ቀጥሎ በሳምንታት የሚቆጠር ዘገምተኛ አወራረድ። የዘገምተኛው ክፍል የመጋመሻ ጊዜ 50 ቀን ቢሆን፣ ላሟ የተበከለውን መኖ መብላት ከጀመረች በኋላ ያ ክፍል በ30 ቀን ከመጨረሻ መጠኑ 34 በመቶውን ብቻ ይደርሳል፤ 90 በመቶ ለመድረስም 166 ቀን ያህል ይፈልጋል። ሦስተኛው መላሽ የጠቀሱት ሚዛን እንግዲህ በአንድ የመኖ ጭነት ምክንያት በሚነሣ ብክለት ጊዜ ከቶ ላይደርስ ይችላል፤ የመኖው ጭነት ከዚያ በፊት ያልቃልና።

ምላሽ 12። አሥራ ሁለተኛው መላሽ በአጭሩ የእድገትን ጉዳይ ጨመሩ። የሥጋ ዶሮ ከ40 ግራም ገደማ ተነሥታ በስድስት ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ስትሆን፣ አሳማም በወራት ውስጥ ብዙ ስብ ሲያከማች፣ ቀደም ሲል የገባው ውህድ ሳይወጣ እንኳ በሚጨምረው ስብ ይሳሳል። እያደገ ያለውን እንስሳ ክብደቱ እንደማይለወጥ አድርጎ ማስላት በልኬቱ የታየውን መቀነስ ሁሉ ለመውጣት ይሰጠዋል፤ ያ ቁጥር እድገቱን ለጨረሰ እንስሳ ሲወሰድ ያሳስታል።

ምላሽ 13። ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ ነው። የላቦራቶሪ መሣሪያው ያላየው ውህድ ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ በቁጥጥር ሥራ ውስጥም ያልታየው ሁሉ በመሣሪያው ዝቅተኛ የልኬት ወሰን እንዳለ ተቆጥሮ ይደመራል። ለሕጋዊ ውሳኔ ይህ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ያንኑ ቁጥር ወደ ሞዴል ማስገባት ያልታየ ቲሲዲዲ እንዳለ ቆጥሮ ወደ ወተት ማሻገር ነው፤ ከሁሉ የሚመዝነውና በደንብ ከሚሻገሩት አንዱ ደግሞ ይኸው ውህድ ነው። አሥራ ሦስተኛው መላሽ ስሌቱ ሁለት ጊዜ፣ ያልታየው አንዴ ዜሮ አንዴ የልኬት ወሰኑን ያህል ተደርጎ፣ እንዲሠራና ሁለቱም ውጤቶች እንዲታተሙ ጠይቀዋል። በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ።

ምላሽ 14 እና 15። አንዱ በሰው አካል ቲሲዲዲ ለመጋመስ ሰባት ዓመት ያህል እንደሚፈጅ፣ ሌላው የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ሳምንታዊውን የቅበላ ወሰን በኪሎ የሰውነት ክብደት ወደ 2 ፒኮግራም እንዳወረደው ጻፉ። ጉዳዩ ለምን በብርቱ እንደሚያሳስብ ከማስታወስ አልፈው ወደ ስሌቱ አልገቡም።

ምላሽ 16። አሥራ ስድስተኛው መላሽ ስለ በግ ጉበት ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። በጉበት ውስጥ እነዚህን ውህዶች የሚይዝ ፕሮቲን ስላለ፣ በጉበት ስብ ላይ የሚገኘው መጠን ከሰውነት ስቡ እጅግ ሊበልጥ ይችላል፤ ውህዱ በስብ መጠን ብቻ ይከፋፈላል የሚል ሞዴል ይህን አያይም። ኅብረቱ የጉበትን ጣሪያ በግራም ስብ ከመቁጠር በግራም ትኩስ ጉበት ወደ መቁጠር የለወጠውም በ2013 ነው።

ምላሽ 17 እና 18። አሥራ ሰባተኛው ሦስተኛውን መላሽ በስለታም ቃል ተጋፈጡ፦ ከፍተኛ ምጣኔ መምረጥ ሁልጊዜ ሸማቹን ይጠብቃል የሚለው እውነት ከሆነ፣ ንጹሕ መኖ ለምትበላው የአራተኛው ምላሽ ላም ምን ጥበቃ ሰጠ? በጀርመን በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ በመኖ ስብ ምክንያት ከ4,700 በላይ እርሻዎች ሲታገዱ፣ ለአርሶ አደሩ አስጨናቂው ጥያቄ መቼ ይከፈትልኛል የሚለው ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ምጣኔ መልስ የለውም። ሦስተኛው መላሽ ተመልሰው በእርጋታ፣ ምጣኔውን ለመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ እንጂ ለመልቀቂያ ቀን እንደማይከራከሩበት ገለጹ፤ ዝርዝሩ የሚመጣበትን ጊዜም ማሳጠር ላቦራቶሪዎች ላይ የሚጣል ግዴታ መሆን አለበት አሉ። በዚህ ነጥብ ልዩነታችን ጠብቧል።

ምላሽ 19። የመጨረሻው መላሽ የመክፈቻውን 4.5 ፒኮግራም ወስደው፣ መኖው ዛሬ ቢቀየር ወተቱ ወደ 2 የሚወርደው በስንት ቀን ነው ብለው ሦስት ጊዜ አሰሉ። ሁሉም በ5 ቀን የሚጋመስ ቢሆን 6 ቀን ይበቃል። ሁሉም በ50 ቀን የሚጋመስ ቢሆን 59 ቀን ይፈጃል። ግማሹ በፈጣኑ ግማሹ በዘገምተኛው ቢወርድ ደግሞ 17 ቀን ይሆናል። የሁለቱ ክፍሎች ድርሻ የሚወሰነው ላሟ የተበከለውን መኖ ለስንት ጊዜ እንደበላች ነው፤ ለሦስት ቀን የበላችና ለሦስት ወር የበላች ላም በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የወተት ልኬት ሊያሳዩ ይችላሉ፣ የሚለቀቁበት ቀን ግን በሳምንታት ይራራቃል። ስለዚህ መላሹ ከማንኛውም ስሌት በፊት የተበከለው መኖ የገባበትና የቆመበት ቀን፣ ላሟ የወለደችበት ቀን፣ እንዲሁም መኖው ከቆመ በኋላ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት የተወሰደ የወተት ናሙና ለየውህዱ ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ጠይቀዋል፤ በሁለት ናሙና መካከል የሚሰመረው መስመር ፈጣኑን ከዘገምተኛው አይለይምና።